ፌሮ፦ ሦስት መልክ ያለውን የላቲን ግስ ሳይሳሳቱ መፍቻ

ላቲን የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው በረጅም ቃል አይደለም፤ "ቱሊት" በምትባል አጭር ቃል ነው። ትንሿን መዝገበ ቃላት በ"ቲ" ፊደል ይከፍታል፤ የለችም። ቀጥሎ "ላቱስ" ትመጣለች። ይህችን ያገኛታል፤ ፍቺዋ ግን "ጎን" ወይም "ሰፊ" ይላል። አረፍተ ነገሩ "ጎን ነው" ይሆንበትና ደብተሩን ይዘጋል። ሁለቱም ቃላት የአንድ ግስ ልጆች ነበሩ። ግሱ "ፌሮ" ነው፦ እሸከማለሁ፣ አመጣለሁ፣ እችላለሁ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እዚሁ ላይ ለሚወድቁ ነው፦ ለዘርአ ክህነት ተማሪ፣ የሕግ ወይም የሕክምና ቃላትን ከሥራቸው ማወቅ ለሚፈልግ፣ የዲልማንን የ1865 የግዕዝ መዝገበ ቃላት ከፍቶ ፍቺው ሁሉ በላቲን ሆኖ ለጠበቀው የግዕዝ ተማሪ። ደረጃዎቹን በተራ ሂዱ። በተለይ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እርሳስና የግስን አራት ክፍሎች የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ነው። አንድ ክፍል ብቻ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ለዚህ ግስ አይረዳችሁም፤ በሌላ ለውጡት።

እዚህ የላቲኑን ቃል በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው። ስለዚህ ሁለት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ በላቲን ጽሑፍ የተደገመውን ተነባቢ እኔም ደግሜዋለሁ። "ፌርሬ" ስል ሁለት "አር" አለ ማለት ነው፤ ስታነቡ አጥብቁት። ማጥበቅና ማላላት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። "አለ" ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖሩን እንደሚነግር ሁሉ፣ በፌሮም አንዲት "አር" ፍቺ ትለውጣለች።

ሁለተኛ፣ "ሲ" የሚባለውን ፊደል እንደ ጥንቱ ሁልጊዜ "ክ" ብዬዋለሁ። በቤተ ክርስቲያን አነባበብ ከ"ኢ" እና ከ"ኤ" በፊት "ች" ይሆናል። የለመዳችሁትን ያዙ፤ ለእርባታው ለውጥ የለውም።

ደረጃ 1፦ አራቱን ክፍሎች በአፍ ያዙ

ፌሮ፣ ፌርሬ፣ ቱሊ፣ ላቱም።

ጮክ ብላችሁ በሉት። በጽሑፍ ብቻ አታጥኑት። የመጀመሪያው "እሸከማለሁ"፣ ሁለተኛው አርእስቱ "መሸከም"፣ ሦስተኛው "ተሸከምሁ" ነው። አራተኛው የተደራጊ ቅጽሎች ሁሉ የሚወጡበት ቅርጽ ነው፤ ለጊዜው "የተሸከሙት" ብላችሁ ያዙት። ግዕዝ የተማረ ሰው ይህን በቀላሉ ይቀበላል። ግስ የየራሱ ቤት፣ ማለትም የእርባታ ምድብ፣ እንዳለው ያውቃልና። ፌሮ በላቲን የሦስተኛው ቤት ጎረቤት ነው፤ አመሉ ግን የራሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ከፌሮ ቱሊን ለማውጣት አትሞክሩ

ብዙ ሰው "ፌ" እንዴት "ቱ" ሆነ እያለ ሕግ ሲፈልግ ሰዓት ያጠፋል። ሕግ የለም። አማርኛ ለሚማር እንግዳ "ነው" ያለፈው ጊዜ ሲሆን "ነበር"፣ ወደፊት ሲሆን "ይሆናል" የሆነበትን ምክንያት ስታስረዱት ምን ትላላችሁ? እንዲሁ ነው፣ ያዘው ትላላችሁ። ይህም እንዲሁ ነው።

ምንጩን ማወቅ ግን ለማስታወስ ያግዛል። "ፌር" ከጥንታዊው የሕንድና የአውሮፓ ቋንቋዎች የጋራ ሥር የመጣ ነው፤ የግሪኩ "ፌሮ"፣ የሳንስክሪቱ "ብሃራቲ"፣ የእንግሊዝኛው "ቤር" ወንድሞቹ ናቸው። "ቱሊ" ከሌላ ሥር ነው፤ ይህ ሥር ማንሳትን፣ መቻልን ያመለክታል። የላቲኑ "ቶልሎ" (አነሣለሁ) እና "ቶሌራሬ" (መታገሥ) ከዚሁ ናቸው። ላቱምስ? ድሮ መነሻው "ትላ" ነበር፤ "ት" ወደቀችና "ላ" ቀረ። ስለዚህ ግንዶቹ ሦስት ቢሆኑም ሥሮቹ ሁለት ናቸው፦ ቱሊና ላቱም እህትማማች ናቸው፣ ፌሮ ግን ለብቻው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ "ፌር" ከኛ "ፍሬ" እና "አፈራ" ጋር ይመሳሰላል፤ ላቲኑም "ፍሬ አፈራ" ለማለት ይሄንኑ ግስ ይጠቀማል። ዝምድና ግን የላቸውም። የኛው ሴማዊ ሥር ነው። ለማስታወሻ ተጠቀሙበት፣ በፈተና ወረቀት ላይ ግን እንዳትጽፉት።

ደረጃ 3፦ አናባቢው የሚጠፋበትን ቦታ ለዩ

አብዛኛው ስህተት እዚህ ነው። መጀመሪያ ጨዋ የሆነውን የሦስተኛ ቤት ግስ "ፖኖ" (አስቀምጣለሁ) ጻፉ፣ ከጎኑ ፌሮን ጻፉ።

እኔ፦ ፖኖ / ፌሮ
አንተ፣ አንቺ፦ ፖኒስ / ፌርስ
እሱ፣ እሷ፦ ፖኒት / ፌርት
እኛ፦ ፖኒሙስ / ፌሪሙስ
እናንተ፦ ፖኒቲስ / ፌርቲስ
እነሱ፦ ፖኑንት / ፌሩንት

ሕጉ አንድ ነው፦ ቀጥሎ የሚመጣው መድረሻ በ"ስ"፣ በ"ት" ወይም በ"ር" ሲጀምር በመካከል ያለችው አጭር አናባቢ ትወድቃለች። በ"ም" ሲጀምር አትወድቅም፤ ለዚህ ነው "ፌሪሙስ" የሚለው "ፌርሙስ" ያልሆነው።

ይህንኑ ሕግ ይዛችሁ የቀሩትን ሙሉ።

አርእስት፦ ፖኔሬ / ፌርሬ
ትእዛዝ ለአንድ፦ ፖኔ / ፌር
ትእዛዝ ለብዙ፦ ፖኒቴ / ፌርቴ
ያለፈው የዘንድ አንቀጽ፦ ፖኔሬም / ፌርሬም

ለአንድ ሰው የሚሰጠው ትእዛዝ "ፌር" ጭራ የለውም። በዚህ አመል ከሦስት ግሶች ጋር ማኅበር ነው። አራቱን በአንድ ትንፋሽ በሉ፦ ዲክ፣ ዱክ፣ ፋክ፣ ፌር። በል፣ ምራ፣ አድርግ፣ አምጣ።

ተደራጊው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ፌሮር፣ ፌርሪስ፣ ፌርቱር፣ ፌሪሙር፣ ፌሪሚኒ፣ ፌሩንቱር። የተደራጊ አርእስቱ "ፌርሪ" ነው። እዚህ ሕጉን በጭፍን ብትከተሉ ትሳሳታላችሁ። የፖኖ ተደራጊ አርእስት "ፖኒ" ስለሆነ የፌሮም "ፌሪ" መሆን ያለበት ይመስላል። አይደለም። ሁለት "አር" ነው።

ሌሎቹ ጊዜያት ሰላማዊ ናቸው። ይሸከም ነበር፦ ፌሬባት። ይሸከማል፣ ወደፊት፦ ፌሬት። ይሸከም ዘንድ፦ ፌራት።

ስትሳሳቱ፦ "ፌሬት" እና "ፌርሬት" ከተምታቱባችሁ አንብቡና "አር"ን ቁጠሩ። አንድ ከሆነች ወደፊት ይሸከማል። ሁለት ከሆነች ቢሸከም፣ ይሸከም ዘንድ። ከአርእስቱ "ፌርሬ" ላይ የሰው መድረሻ "ት" ተለጥፋ ካያችሁ ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው።

ደረጃ 4፦ ቱሊን አርቡ

ይህ ቀላሉ ነው። ያለፈው ጊዜ እርባታ በላቲን ለሁሉም ግስ አንድ ስለሆነ ቱሊ አያምጽም፦ ቱሊ፣ ቱሊስቲ፣ ቱሊት፣ ቱሊሙስ፣ ቱሊስቲስ፣ ቱሌሩንት። "ተሸክሞ ነበር" ሲሆን ቱሌራት፣ "ተሸክሞ ይሆናል፣ ከተሸከመ በኋላ" ሲሆን ቱሌሪት። እዚህ ብዙ ጊዜ አታጥፉ።

ደረጃ 5፦ ላቱም ላይ ከ"ነው" ተጠንቀቁ

ከላቱም የሚወጣው ቅጽል እንደ ማንኛውም ቅጽል ጾታና ቁጥር ይከተላል፦ ላቱስ ወንድ፣ ላታ ሴት፣ ላቱም ግዑዝ። ከ"ኤስት" (ነው) ጋር ሲገናኝ ያለፈ ተደራጊ ይሆናል።

"ላቱስ ኤስት" ስታዩ "ይወሰዳል" ወይም "የሚወሰድ ነው" ብላችሁ አትተርጉሙ። ኤስት የአሁን ጊዜ ቃል ስለሆነች ታታልላለች። የራሳችንን ቋንቋ ተመልከቱ፦ "ተወስዷል" ማለት "ተወስዶ አለ" ነው፤ "አለ" የአሁን ቃል ነው፣ ነገሩ ግን አልፏል። ላቱስ ኤስትም ልክ እንዲሁ "ተወስዷል" ነው። "ይወሰዳል" ማለት ከፈለጋችሁ "ፌርቱር" በሉ።

ስትሳሳቱ፦ "ላቱስ" ለብቻዋ ቆማ ካገኛችኋት ሦስት እጩ አላት፦ የተወሰደ፣ ሰፊ፣ ጎን። አጠገቧ ኤስት፣ ሱንት ወይም ኤራት ካለ መጀመሪያ "የተወሰደ"ን ሞክሩ። መድረሻዋ "ላቴሪስ"፣ "ላቴሬ" እያለ ከረዘመ ጎን ነው። የምትገልጸው ስም ወንዝ፣ ሜዳ ወይም መንገድ ከሆነ ሰፊ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ ባዕድ መነሻውን ግለጡ

ፌሮ ለብቻው ከሚታይበት ይልቅ ባዕድ መነሻ ተለጥፎበት የሚታይበት ይበዛል። ችግሩ መነሻው አንድ ሆኖ አይቆይም። ከሚቀጥለው ተነባቢ ጋር ይዋሐዳል፤ ግሱ ደግሞ ሦስት ዓይነት ተነባቢ ስላለው (ፍ፣ ት፣ ል) መነሻው ሦስት ጊዜ ልብስ ይቀይራል። እኛም "ይትሰበራል" ማለት ሲገባን "ይሰበራል" እንላለን፤ "ት" ተውጣ "ሰ" ጠብቃለች። ነገሩ ያው ነው።

በዚህ ተራ ሥሩ።

ሀ. ከኋላ ጀምሩ። የሰውና የጊዜ መድረሻውን በእርሳስ ቁረጡ።
ለ. በቀረው ውስጥ ፌር፣ ቱል ወይም ላት ፈልጉና ክበቡት።
ሐ. ከክቡ በፊት የቀረውን ለብቻው ጻፉ። መነሻው እሱ ነው።
መ. መነሻው የጠበቀ ከሆነ፣ ማለትም መጨረሻው ከግንዱ የመጀመሪያ ተነባቢ ጋር አንድ ከሆነ፣ የተዋጠ ተነባቢ አለ። ከታች ካለው ዝርዝር ዋናውን መልክ አግኙ።
ሠ. መዝገበ ቃላቱን በ"ፌሮ" መልኩ ክፈቱ። "አልላቱም"ን በአልላቱም አትፈልጉ፤ "አፍፌሮ" ብላችሁ ፈልጉ።

ዝርዝሩ ይኸው። ሦስቱንም መልክ አንድ ላይ አጥኑ።

አድ (ወደ)፦ አፍፌሮ፣ አትቱሊ፣ አልላቱም። አመጣ።
አብ (ከ)፦ አውፌሮ፣ አብስቱሊ፣ አብላቱም። ወሰደ፣ ነጠቀ።
ኩም (አብሮ)፦ ኮንፌሮ፣ ኮንቱሊ፣ ኮልላቱም። አሰባሰበ፣ አነጻጸረ።
ዲስ (ወዲያና ወዲህ)፦ ዲፍፌሮ፣ ዲስቱሊ፣ ዲላቱም። አዘገየ፣ በተነ፣ ተለየ።
ኤክስ (ወደ ውጭ)፦ ኤፍፌሮ፣ ኤክስቱሊ፣ ኤላቱም። አወጣ፣ ከፍ አደረገ።
ኢን (ወደ ውስጥ)፦ ኢንፌሮ፣ ኢንቱሊ፣ ኢልላቱም። አስገባ።
ኦብ (ፊት ለፊት)፦ ኦፍፌሮ፣ ኦብቱሊ፣ ኦብላቱም። አቀረበ።
ሬ (ወደ ኋላ)፦ ሬፌሮ፣ ሬትቱሊ፣ ሬላቱም። መለሰ፣ ዘገበ።
ትራንስ (ማዶ)፦ ትራንስፌሮ፣ ትራንስቱሊ፣ ትራንስላቱም። አሻገረ።

ሬትቱሊ ሁለት "ት" ያላት በስህተት አይደለም። ቱሊ በጥንቱ ላቲን "ቴቱሊ" ነበረች፤ በጥንቱ ሮማዊ ደራሲ በፕላውቱስ ተውኔቶች ውስጥ ዛሬም ትገኛለች። የጠፋችው "ቴ" ጥላዋን ሬትቱሊ ላይ ትታ ሄዳለች።

ዝርዝሩ ከከበዳችሁ ከመንገድ ላይ ቃል ልቀሙ። ሐኪሙ "ሪፈር" ሲጽፍላችሁ ሬፌሮ ነው፣ ወደ ሌላ ይመልሳችኋል። ባንክ "ትራንስፈር" ሲል ትራንስፌሮ ነው። "ኮንፈረንስ" ኮንፌሮ ነው፣ ሐሳብ ማሰባሰቢያ። "ትራንስሌት" ደግሞ ከትራንስላቱም የወጣ የትራንስፈር ወንድም ነው፤ አንዱ ገንዘብ ያሻግራል፣ አንዱ ቃል።

ሦስት ወጥመድ አለ።

አንደኛው የአንዲት ፊደል ጉዳይ ነው። አብላቱም የተወሰደ፣ ኦብላቱም የቀረበ፤ ተቃራኒ ናቸው። ኤላቱም የወጣ፣ ኢልላቱም የገባ። በችኮላ የሚያነብ ሰው መሥዋዕቱን ሰርቆ ይሄዳል።

ሁለተኛው "ሱስቱሊ" ነው። ሱስቱሊንና ሱብላቱምን ስታዩ "ሱፍፌሮ" (ታገሥሁ) ብላችሁ እንዳትሮጡ። እነዚህን ሁለት መልኮች "ቶልሎ" ወስዷቸዋል፦ ቶልሎ፣ ቶልሌሬ፣ ሱስቱሊ፣ ሱብላቱም። በላቲኑ ቅዳሴ "አግኑስ ዴኢ፣ ኩዊ ቶልሊስ ፔክካታ ሙንዲ" የሚለው ውስጥ ያለው ግስ ይሄ ነው፦ የዓለምን ኃጢአት የምታስወግድ የእግዚአብሔር በግ። ስለዚህ ሱስቱሊት ሲገጥማችሁ መጀመሪያ "አነሣ፣ አስወገደ"ን ሞክሩ።

ሦስተኛው አጻጻፍ ነው። አንዳንድ ኅትመት መነሻውን ሳያዋሕድ "አድፌሮ"፣ "አድላቱም"፣ "ኢንላቱም" ብሎ ይተወዋል። ቃሉ አንድ ነው። በአንዱ ካጣችሁት በሌላው ፈልጉ።

ደረጃ 7፦ ፍቺውን ከተሳቢው ምረጡ

ፌሮ አንድ ፍቺ የለውም። "ተሸከመ" ብላችሁ ሁሉም ቦታ ብትለጥፉ አማርኛው ይሰበራል። ተሳቢውን እዩና ወስኑ።

ዕቃ ከሆነ ተሸከመ፣ አመጣ፣ ወሰደ። ፍሬ ከሆነ አፈራ። ሕመም ወይም መከራ ከሆነ ቻለ፣ ታገሠ። ሕግ ከሆነ ለጉባኤ አቀረበ፤ ሮማውያን "ሌጌም ፌርሬ" ሲሉ ሕግ በጀርባ መጫናቸው አልነበረም። ባለቤቱ መንገድ ከሆነ ይወስዳል፤ እዚህ እድለኞች ነን፣ እኛም "ይህ መንገድ ወንዝ ይወስዳል" እንላለን። "አይግሬ" ከሚል ቃል ጋር ከመጣ "ከፋው፣ ቅር አለው" ነው።

"ፌሩንት" ወይም "ፌርቱር" ዕቃም ፍሬም ሳይኖር፣ ከወሬ ጋር ከመጣ ደግሞ "ይላሉ"፣ "ይባላል" በሉ። ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው፤ "ሆሜር ዓይነ ስውር እንደነበር ይባላል" የሚለውን "ሆሜር ዓይነ ስውር ሆኖ ይሸከሙታል" ብሎ የሚያስረክብ አለ።

ደረጃ 8፦ በምታውቁት ጽሑፍ ፈትሹ

ትርጉሙን አስቀድማችሁ በምታውቁት ጽሑፍ ብትለማመዱ ስህተታችሁን ራሳችሁ ትይዛላችሁ። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ቩልጋታ ለዚህ ምቹ ነው።

ዘፍጥረት 1፥2፦ "ኤት ስፒሪቱስ ዴኢ ፌሬባቱር ሱፔር አኳስ።" ከኋላ ቁረጡ፦ "ቱር" ተደራጊ ሦስተኛ መደብ፣ "ባ" ይሆን ነበር፣ ቀሪው ፌሬ። ቃል በቃል "ይወሰድ ነበር" ነው፤ አማርኛው ግን መንፈስ በውኃ ላይ ሰፍፎ ነበር ይላል። ተደራጊው እዚህ መንቀሳቀስን ያሳያል፤ የሚወስደውን አካል አትፈልጉ።

ኢሳይያስ 53፥4፦ "ላንጉዎሬስ ኖስትሮስ ኢፕሴ ቱሊት።" ደዌያችንን እርሱ ተቀበለ። ተሳቢው ሕመም ስለሆነ ደረጃ 7ን አስታውሱ።

ዮሐንስ 15፥5፦ "ሂክ ፌርት ፍሩክቱም ሙልቱም።" ይህ ብዙ ፍሬ ያፈራል። "ፌሪት" አለመሆኑን ልብ በሉ። ፌሪት የሚባል ቃል አለ፤ ግን የሌላ ግስ ነው፣ "ፌሪዮ" የሚባል፣ ፍቺውም "ይመታል"።

ማርቆስ 14፥36፦ "ትራንስፌር ካሊኬም ሁንክ አ ሜ።" ይህን ጽዋ ከእኔ አሳልፍ። ጭራ የሌለው ትእዛዝ፣ መነሻም ተለጥፎበት ጭራ አላበቀለም።

ማቴዎስ 14፥11፦ "አልላቱም ኤስት ካፑት ኤዩስ ኢን ዲስኮ።" የዮሐንስ ራስ በወጭት መጣ። ካፑት (ራስ) ግዑዝ ጾታ ስለሆነ ነው አልላቱም የተባለው፣ አልላቱስ ያልሆነው።

አሁንም ካልገጠመ

ቃሉ ፌሮ ላይሆን ይችላል። "ፌርሪ" የተደራጊ አርእስት ሊሆን ይችላል፤ ደግሞም "የብረት" ማለት ነው፣ ብረት "ፌርሩም" ስለሚባል። አረፍተ ነገሩ ሌላ ግስ ካለውና አጠገቡ ስም ካለ ብረትን ሞክሩ። "ፌርሮ" በሁለት "አር" ሁልጊዜ ብረት ወይም ሰይፍ ነው፤ "ፌሮ" በአንድ ግሱ። "ፌራም" ሦስት ናት፦ እሸከማለሁ ወደፊት፣ እሸከም ዘንድ፣ እና "አውሬን"። "ኡት" ከፊቷ ካለ "እሸከም ዘንድ" ናት። በአደን ላይ ያለ ሰው ካለ አውሬ ናት።

መልመጃ

መልሱን በወረቀት ሸፍናችሁ ሞክሩ።

አብስቱሊት፦ ወሰደ፣ ነጠቀ።
ፌርሬሙስ፦ ብንሸከም።
ኦብላታ ሱንት፦ ቀርበዋል።
ኢንፌርቱር፦ ይገባል፣ ያስገቡታል።
ዲስቱሌራም፦ አዘግይቼ ነበር።

አሁን መልስ የሌለው አንድ። የዮሐንስ ወንጌል 20፥13 ነው፣ ማርያም መግደላዊት በመቃብሩ ደጅ የተናገረችው፦ "ቱሌሩንት ዶሚኑም ሜኡም፣ ኤት ኔስኪዮ ኡቢ ፖሱዌሩንት ኤኡም።" ሁለቱን ግሶች ከዚህ መመሪያ ታውቋቸዋላችሁ፤ ፖሱዌሩንት የፖኖ ያለፈ ጊዜ ነው። ዶሚኑም ጌታን፣ ሜኡም የእኔን፣ ኔስኪዮ አላውቅም፣ ኡቢ የት፣ ኤኡም እርሱን ነው። ተርጉማችሁ ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጋር አስተያዩት።